ጀርባው ክፍት ማዳመጫ

«ስደውልልሽ ለምን ዝም አልሽ?» ለሚለው ጥያቄ እስካሁን መልስ አላገኘችለትም። ጠያቂዋ የፊት ጥርሷ የወለቀ የገዛ ልጇ ናት፣ ጥያቄውም የሚከብድ ሆኖ አይደለም፤ የት እንደነበረች ታውቃለች፣ ምን ታደርግ እንደነበር ታውቃለች፣ ስልኩ በጋውኗ ኪስ ውስጥ ሲጠራ ሆዷን ሁሉ ነዝሯታል። ይኸው ቀትር ላይ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ጣሪያ ታያለች። ሌሊት የሚሠራ ሰው ቀን መተኛት አለበት፣ እሷን ግን እንቅልፍ ከሸሻት ሰንብቷል። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዳዋለች፤ ብርሃኑ ግን በጠርዙ ሾልኮ ግድግዳው ላይ እንደ ክር ተዘርግቷል። ከላይ ቤት ያለው ሰውዬ ወንበሩን ይጎትታል፣ የጎረቤት ማጠቢያ ማሽን ውኃውን ይተፋል፣ ውጭ ቆሻሻ የሚጭነው መኪና ወደ ኋላ እየሄደ ጢ... ጢ... ይላል። ሁሉንም ትሰማለች። ጆሮዋ ምንም አያመልጠውም፣ ጣጣው እሱ ነው። ይህን የመሰለ ጆሮ ይዛ እናቷን «ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ነበር እማ፣ አልሰማሁም» አለቻት፤ እናቷም አመነቻት። ወይ ዓይን አውጣነት! ትገላበጣለች፣ ትራሱን ጆሮዋ ላይ ትጭነዋለች፣ ትራሱ ውስጥ ደግሞ የራሷ ልብ ይደልቃል።

በሰው አገር ሥራዋ ጽዳት ነው። የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጥበት ትልቅ ሱቅ ነው የምታጸዳው፤ ምድር ቤቱ ድምፅ ማጉያ በድምፅ ማጉያ ሆኖ ሰው ሲጋፋበት ይውላል፣ ፎቁ ላይ ግን አንድ ጸጥ ያለ ክፍል አለ፣ ወለሉ ምንጣፍ፣ ግድግዳው ጨርቅ የለበሰ፣ ሰው ቢያስነጥስ እንኳ ድምፁ የትም ሳይሄድ አፍንጫው ሥር የሚቀርበት። ውድ ውዶቹ ማዳመጫዎች እዚያ በየእንጨቱ ላይ ተሰቅለው ያድራሉ። መጀመሪያ ያየቻቸው ቀን የተበላሹ መስለዋት ነበር። ጀርባቸው ወንፊት ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል። «ክዳናቸው የት ሄደ?» አለቻት እትዬን። እትዬ አብራት የምታጸዳ የአገሯ ሰው ናት፤ በዕድሜ ትበልጣታለች፣ በአፍ ደግሞ ማንም አይደርስባትም። «ክዳን የላቸውም የኔ እመቤት። እንዲህ ሆነው ነው የሚሸጡት።» «ቀዳዳ ሆነው?» «ቀዳዳውን ነው እኮ የሚገዙት! ዋጋውን ብነግርሽ መወልወያሽን ጥለሽ ትሮጫለሽ!» ተሳሳቁ፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ሳቅም እንደ ማስነጠስ ነው፣ ሩቅ አይሄድም።

የክፍሉ ሰው «ጋሼ ጆሮ» ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው እነሱ ሁለቱ ናቸው እንጂ እሳቸው አያውቁትም። ሥራቸው መስማት ነው፤ ሲሰሙ ይውላሉ፣ ሲሰሙ ይከፈላቸዋል፤ እትዬ ይህን ስታስብ ሁልጊዜ ይደንቃታል። አንድ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት፣ እሷ የመጨረሻውን መስታወት ስትወለውል፣ ወንበሩን በእጃቸው መታ መታ አድርገው «ቁጭ በይ» አሏት። ያጠፋችው ነገር ያለ መስሏት ቀጥ አለች። ጋሼ ጆሮ ሳቁ። መግቢያው ላይ ለመጪው ሁሉ እንዲሞከር የሚቀመጥ አንድ ማዳመጫ መምረጥ አለባቸው፤ ሁለት ቀርተዋቸዋል፣ ሁለቱም ጀርባቸው ክፍት ነው። «የሱቁ ልጆች ካርቶኑ ላይ ያለውን ነው የሚመልሱልኝ። አንቺ ካርቶኑን አላነበብሽም» አሉ። እውነት ነው፣ አላነበበችም። በገዛ ቋንቋዋ እንኳ ስታነብ ጣቷን ፊደሉ ላይ ታስከትላለች። እሳቸው ለክፋት አላሉትም፣ እሷ ግን ፊቷ ጋለ። ከዚያ እንዲህ አሉ፤ ይህችን እንኳ በደንብ ታስታውሳታለች፤ «ድፍን ማዳመጫ ድምፁን ጆሮሽ ውስጥ ይቆልፈዋል፤ ይኼኛው ያስተነፍሰዋል። የውስጡ ወደ ውጭ ይወጣል፣ የውጩም ወደ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ነው ጸጥ ያለ ክፍል የሚያስፈልገው።» በዚያ አገር ቋንቋ ለሚነገራት ሁሉ እንደምታደርገው ራሷን ነቀነቀች። ምነው ያን ቀን አስተርጓሚ ባስፈለጋት፣ ምነው ሳይገባት በቀረ! ገብቷት ነበር። የገባውን የወጣውን ጥርት አድርጋ ነው የሰማችው።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ በኋላ ያ የቆዳ ወንበር የሷ ሆነ። ጋውኗን ሳታወልቅ፣ እጇ በረኪና በረኪና እየሸተተ፣ እግሯን ሰብስባ ትቀመጣለች። አንዱን ዘፈን በአንደኛው ያሰሟታል፣ ያንኑ መልሰው በሌላው። የማዳመጫዎቹ ስም ቁጥርና ፊደል የተደበላለቀበት ነው፣ አልያዘላትም፤ የራሷን አወጣችላቸው። ጥቁሩን፣ ሰፊውን «ሜዳው» አለችው፤ ዙሪያው እንጨት የሆነውን «ጓዳው»። መጀመሪያ ያ አገር ምድሩ ሰው ተሰብስቦ የሚጫወተው ኦርኬስትራ ነበር። በሜዳው ስትሰማው ሁሉም በየቦታው ተቀምጧል፣ ባለ ክሮቹ በግራ፣ ከበሮው ራቅ ብሎ ከኋላ፣ ዋሽንቱ ከሁሉም ወዲያ ማዶ፣ አንዱ ወረቀቱን ሲገልጥ እንኳ ይሰማል። ያንኑ በጓዳው ስትሰማው ሰዎቹ ተነሥተው አንድ ክፍል ውስጥ የተጋፉ ይመስላል፤ ይሞቃል፣ ግን ትከሻ ለትከሻ ነው። አንዲት ሴት በጊታር የምታንጎራጉረው ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ሜዳው ላይ ሴትዮዋ መድረክ ላይ ቆማለች፣ «ስ» የምትልበት ሁሉ ስለት አለው። ጓዳው ላይ አጠገቧ መጥታ ቁጭ አለች፣ ጉልበቷ የሷን ጉልበት እየነካ፣ ከመዝፈኗ በፊት የምትስባት ትንፋሽ ሳትቀር። የጃዙ ጊዜ ያ ሰው የሚያህለው ባስ ጓዳው ላይ ሆድ አለው፣ ሜዳው ላይ ጣትና ክር ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከበሮ መቺው የናሱን ሳህን በጭራ ነገር ሲያሸው ሜዳው ላይ ዝናብ ይሆናል፣ ገና ቆርቆሮ ላይ የሚጀምር ካፊያ። የወጣቶቹ የጭፈራ ሙዚቃ ሲመጣ ሁለቱም አልሆኑም። ሜዳው የከበሮውን አጥንት አውጥቶ ጣለው፣ ጓዳው ሞከረ እንጂ ደረት አልደለቀም። «ጀርባ ክፍት ለዚህ አይሆንም፣ ጉልበቱ በወንፊቱ ይወጣል» አሉ ጋሼ ጆሮ። መዘምራን ሲያዜሙ ደግሞ በሜዳው ጣሪያውን ትሰማዋለች። ጣሪያ ይሰማል? ይሰማል። ድምፁ ወጥቶ እስኪመለስ ያለው ባዶ ቦታ፣ እሱ ነው ጣሪያው።

«እና የትኛው ይሻላል?» ይሏታል። «ሁለቱም ጥሩ ነው» ትላለች። ምን ትበል? ሆዷ ውስጥ ሜዳና ጓዳ፣ ካፊያና ጣሪያ እየተተራመሰ አፏ ላይ የሚደርሰው «ሁለቱም ጥሩ ነው» ብቻ ነው። ጋሼ ጆሮ ይስቃሉ፣ ነገ እንደገና ያስቀምጧታል። እትዬ ደግሞ በር ላይ ቆማ በአገሯ ቋንቋ ትለቅባታለች፤ «ባለሙያ ሆነሽልን! ነገ መጥረጊያውን ሁሉ "ይኼኛው ሲጠርግ ሜዳ አለው" ልትይን ነው።» ትስቃለች እሷም። ግን ሳቁ ሳያልቅ አንድ ነገር ይወጋታል። እናቷ በስልክ «ደከመሽ አይደል የኔ ልጅ?» ስትላት ድምፅዋን ሆን ብላ ታደክመዋለች፣ «ምን ይደረግ እማ» ትላለች። የቆዳ ወንበሩን አልነገረቻትም። ምን ብላ ትንገራት? ልጄን ጥዬልሽ መጥቼ፣ አንቺ በዚያ በሚቆረጣጥም ወገብሽ አዝለሽልኝ፣ እኔ ጠዋት ጠዋት ዋሽንት እሰማለሁ ትበላት? ልጅቷን ስትለያት ጡት ሳትጥል ነበር። አሁን ጥርስ ታወልቃለች።

አንድ ቀን ጋሼ ጆሮ «የአገርሽን ነገር አሰሚኝ» አሏት። ስልኳ ላይ የነበረችውን አንዲት የድሮ ዘፈን ከፈቱላት፤ ሜዳው ለአሮጌ ቅጂ አይራራም፣ ሺሺታው፣ የወንበሩ ሲጥሲጥታ፣ ዘፋኙ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ሁሉ አደባባይ ወጣ። «ሌላስ?» ሲሏት እጇ ራሱ ሄደ፣ በስልክ የተላከላትን የልጇን ቮይስ ነካችው። በጣም የምትወዳት ናት፣ አውቶቡስ ላይ ለእትዬ ስንቴ አሰምታታለች! «እማዬ ናፍቀሽኛል፣ ቶሎ ነይ፣ ሳድግ በአውሮፕላን መጥቼ እወስድሻለሁ» ትላለች ልጅቷ፣ መሐል ላይ ትንሽ ዝም ትልና። እዚያች ዝምታ ላይ ሁልጊዜ «ዓይን አፋርነቷ በኔ ወጣ» እያለች ለእትዬ ታስረዳለች። አሁን ሜዳው ጆሮዋ ላይ ነው። መጀመሪያ ግቢው መጣ፤ ዶሮ፣ ከባልዲ የሚቀዳ ውኃ፣ የዛገ መዝጊያ። ከዚያ የልጅቷ ትንፋሽ፣ ቅርብ፣ እዚህ ጉንጯ ላይ። ከዚያ ከልጅቷ ኋላ አንድ ሹክሹክታ። የእናቷ ነው። «ናፍቀሽኛል በይ።» «ናፍቀሽኛል።» «ቶሎ ነይ በይ።» «ቶሎ ነይ።» ከዚያ ያቺ ዝምታ መጣች፤ ዝምታ አልነበረችም፤ ልጅቷ አፏን ከስልኩ አዙራ በሹክሹክታ «ለማን ነው?» ትላለች። «ለእማዬ ነዋ!» «እማዬማ አንቺ ነሽ።» «ለስልኳ እማዬ ነው የምልሽ! ሳድግ በአውሮፕላን በይ እንጂ፣ ቶሎ!» «ሳድግ በአውሮፕላን...»

ማዳመጫውን አላወለቀችውም። ቀና ስትል እትዬ መስታወቱን መወልወሏን አቁማ ጨርቁን እንደያዘች ቆማለች። ክፍሉ ጸጥታ፣ ማዳመጫው ወንፊት፤ የውስጡ ወደ ውጭ ይወጣል። ሰምታለች። አፈር ልብላ፣ አለች እሷ በሆዷ። እትዬ፣ ያቺ አፏ የማይዘጋ፣ ጨርቁን አጣጠፈችና «እናትሽ ጎበዝ አስተማሪ ናቸው» አለች። ወደ መስታወቱ ዞራ ደግሞ «የኔ ልጆችም እንዲህ ነበሩ እኮ፣ ደግሞ ተመስገን በይ፣ የኔዎቹ አሁን ጢም አብቅለው የሚነግራቸው ሰው ሲጠፋ "ሰላም ነሽ ወይ" ብለው ይዘጉታል» አለች። ጋሼ ጆሮ ቋንቋው አልገባቸውም፣ «ደስ የሚል ድምፅ ነው» ብለው ፈገግ አሉ። የዚያን ዕለት አለቀሰች የሚል ሰው ይኖራል። አላለቀሰችም። ቀለል አላት። ይህችን ለእትዬም አልነገረችም፣ ለራሷም ስትነግር ወደ ግድግዳው ዞራ ነው። ልጄ በር በር እያየች አይደለም፣ እያለቀሰች አታድርም፣ እናት አላት፣ እዚያው አጠገቧ፣ እኔ የስልኳ ነኝ፤ እንግዲያው ትንሽ አርፌ ብቀመጥስ? እንዲህ ብላ አሰበች። ከዚያ የቀሩትን ቮይሶች ሁሉ አንድ በአንድ በሜዳው ሰማቻቸው፣ ሁሉም ውስጥ ሹክሹክታው አለ፣ በራሷ ልደት ቀን ልጅቷ «እንኳን ተወለድሽ» ባለቻት ውስጥ ሳይቀር።

እና ያ ጠዋት። ጋሼ ጆሮ ሰሞኑን የሚያሰሟትን የሌላ አገር ቀረጻ ከፍተውላታል፤ ኦርኬስትራው ሁሉ ዝም ብሎ አንድ ዋሽንት ብቻውን ቀስ እያለ የሚወጣበት ቦታ አለው፣ እሷ እዚያ ቦታ ላይ ስትደርስ ትንፋሿን ትይዛለች። ልክ ሊደርስ ሲል ስልኳ ጮኸ። ጆሮዋ ላይ ድፍን ማዳመጫ ቢሆን አትሰማም ነበር። ሜዳው ነው ያለው። ጥሪው በወንፊቱ ገብቶ ከባለ ክሮቹ ጎን እንደ አንድ መሣሪያ ቦታውን ይዞ ተቀመጠ፤ ከየት እንደሚመጣ፣ ምን ያህል እንደሚርቅ ሁሉ ይታወቃል፣ ከገዛ ሆዷ ነው የሚመጣው። የቤት ጥሪ ነው፣ ለቤት የለየችው ድምፅ ነው። ያው «ናፍቀሽኛል በይ» ነው፣ አለች በሆዷ፣ ትንሽ ቆይቼ እደውላለሁ። ጋሼ ጆሮ ኪሷን በጣታቸው አሳዩዋት፣ «ስልክሽ» አሉ። ሰምታቸዋለች። ዓይኗን ጨፍና፣ እንደማይሰማ ሰው እጇን አወዛወዘች። ለማን ነው የምታስመስለው? ማዳመጫው ድምፅ እንደሚያሳልፍ ለነገሯት ለራሳቸው! ጣታቸውን መለሱ። ዋሽንቱ ወጣ። ስልኩ አቆመ፣ እንደገና ጮኸ፣ አቆመ። ዋሽንቱ እንዴት እንደነበር ዛሬ ብትጠየቅ አታስታውሰውም።

ከእናቷ ጋር የምትኖረው የእህቷ ቮይስ አውቶቡስ ላይ ደረሳት። «ምነው እህቴ? ሚጢ እኮ ጥርሷ ወለቀ! ከእንቅልፏ ተነሥታ፣ ማንም ሳይነግራት፣ ስልኩን አንሥታ መጥታ "ለስልኳ እማዬ ልንገራት" አለች። እማ ደስታዋ እንባ አመጣባት። ጥርሷን በመዳፏ ይዛ ቆማ ጠበቀችሽ፣ ደግማ አስደወለችን። ኋላ "አልፈለገችኝም" ብላ ጥርሱን ጥላው ሄደች፣ ይኸው ተንበርክከን እየፈለግን ነው።» ማንም ሳይነግራት። አውቶቡሱ ቆመ፣ ሰው ወረደ፣ ሰው ወጣ፣ እሷ መውረጃዋን አለፈች። ስትደውል ልጅቷ ናት ያነሣችው፣ ሹክሹክታ የለም፣ ፊት ለፊት፤ «ስደውልልሽ ለምን ዝም አልሽ?» እናቷ ስልኩን ተቀበለቻት፣ «ምን ሆነሽ ነው ልጄ? ደህና ነሽ?» አለቻት፣ ያን ጊዜ ነው ያ ነገር ከአፏ የወጣው፤ «ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ነበር እማ፣ የሥራ ነው፣ አልሰማሁም።» እናቷ ወዲያው ወደ ልጅቷ ዞራ «አላልኩሽም! አልሰማችም እኮ! ጆሮዋ ላይ ትልቅ ብረት አድርገውባት ነው የምትሠራው፣ አፈር ልብላላት!» አለቻት። ከወዲያ በኩል የልጅቷ ድምፅ፣ ቀጭን ሆኖ፣ «ያማታል?»

እናቷ አልተወቻትም። ያ ብረት ጆሮሽን እንዳያደነቁረው፣ ሐኪም ይየው፣ ቃል ግቢልኝ። ስለዚህ ወደ ሐኪም ቤቱ ደወለች፤ ያነሣው ማሽን ነው፣ ለዚህ ይህን ይጫኑ፣ ለዚያ ያንን ይጫኑ ይላል፣ ተጫነች፣ ሙዚቃ አሰማት፣ ቆየና ዘጋባት። ጆሮዋን መታየት እንደምትፈልግ ለጋሼ ጆሮ ነገረቻቸው፤ ምድር ቤት ለደንበኞች ጆሮ የሚፈተንበት ጠባብ ክፍል አለ፣ «ነይ እኔ ልየው» አሏት። ገባች። በሩ ተዘጋ። ድምፁን ስትሰሚ ይህችን ቁልፍ ተጫኚ አሏት። ጢጥ። ተጫነች። እያነሰ ሄደ፣ እየራቀ፣ እንደ ትንኝ፣ እንደ ትንኝ ጥላ። እዚያ ውስጥ ምን ተመኘች? መደንቆር። ትንሽ፣ በአንድ ጆሮ ብቻ፣ ለእናቷ ያለችው እውነት እንዲሆንላት። አንዷ ጢጥታ መጣች፣ ሰማቻት፣ ጣቷን ያዘች። ሳትጫን አሳለፈቻት። ስትወጣ ጋሼ ጆሮ መስታወቱ ጋ ቆመዋል። «ጆሮሽ ከኔ ይሻላል» አሉ። ከዚያ «አንዷን ዘለልሽ» አሉ። «አልሰማኋትም።» «ጣትሽ ተነሥታ ተመለሰች።» መሣሪያውን አጠፉ። «ያን ቀን የደወለው ማን ነበር?» «ልጄ።» ጋሼ ጆሮ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጅ እንዳለሽ አልነገርሽኝም» አሉ፣ እሷም አልነገረቻቸውም፣ ያን ሁሉ ጠዋት እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ አንድም ቀን አላነሣቻትም። ማዳመጫውን መረጡ በመጨረሻ፤ መግቢያው ላይ ያስቀመጡት ጓዳውን ነው። እሷ ከዚያ ወዲህ መስታወቱን ወልውላ በጓሮ በር ትወጣለች።

አሁን ደግሞ የመጣው ይኼ ነው። ልጅቷ መጮኽ ጀምራለች። የስልኳ እማዬ ጆሮ ተጎድቷል ብላለች፣ ስለዚህ በየቀኑ ራሷ እያስደወለች፣ ባላት ኃይል፣ «እማዬ! ይሰማሻል? ዛሬ ትምህርት ቤት ወድቄ ነበር! ግን አላለቀስኩም! ይሰማሻል?» ትላለች። የስልኳ የሚለው ቀርቷል፣ እማዬ ብቻ። ኋላዋ ሹክሹክታ የለም፤ እናቷ ከሩቅ ስትስቅ ብቻ ነው የሚሰማው፣ «ቀስ በይ አንቺ፣ ጎረቤት አስደነገጥሽ!» ስትል። ይህን ያህል ዓመት የጠበቀችው ድምፅ ይኸው መጣ፣ በውሸት በር ገብቶ መጣ። እሷስ ምን አደረገች? «ይሰማኛል የኔ እናት፣ ጥርት ብሎ ይሰማኛል» አትልም? አላለችም። «እ? ምን አልሽ?» አለች፣ እንደገና እንድትጮኽላት። ልጅቷም እንደገና ጮኸች። በማግስቱም «እ?»፣ በሦስተኛውም «እ?»፤ እየጣፈጣት፣ እያፈረች፣ አልጋው ውስጥ ተሸፍና ጉልበቷን አቅፋ። ትናንት ልጅቷ ስትደውል ድምፅዋ ተሰነጣጥቋል፣ እየተነፈሰች እንጂ እየተናገረች አይመስልም። እናቷ ስልኩን ወሰደችና «ጉሮሮዋ ተዘግቷል፣ ማር አልሰናት አይሆንም፣ ተዪ ብንላት "ካልጮኽኩ እንዴት ትሰማለች?" አለችን» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሐኪሙ ምን አለሽ ልጄ?» ብላ ጠየቀቻት። «እየተሻለ ነው» አለች። ውሸት ላይ ውሸት።

እንግዲህ ይኸው ነው የቀትሩ እንቅልፍ። ያን ቀን ሰምታ እንዳላነሣች ብትነግራት፣ ልጅቷ «አልፈለገችኝም» ያለችው እውነት ሊሆን ነው፣ ጥርሷን ዳግመኛ ልትጥል ነው። እውነትም እኮ ያን ሰዓት አልፈለገቻትም፤ ፈልጋት ቢሆን ዋሽንቱን ታቋርጠው ነበር። ዝም ብትል ደግሞ ሕፃን ልጅ በእናቷ ውሸት ጉሮሮዋን ትጨርሳለች። ተሽሎኛል ብትልስ? እሱም ሌላ ውሸት ነው፤ ደግሞም፣ ይህችን እንኳ ማሰቧ ያሳፍራታል፣ መጮኹ ሲቀር መደወሉም ቢቀርስ? ያ ሹክሹክታ ተመልሶ ቢመጣስ? ብርድ ልብሱ ጠርዝ ላይ ያለችው ብርሃን ወደ ወለሉ ወርዳለች። የላይኛው ቤት ሰውዬ ወንበሩን መጎተት ትቷል። እስቲ እናንተ ምከሯት፤ የወለዳችሁ፣ ያልወለዳችሁ፣ ልጅ ትታችሁ የወጣችሁ፣ ተትታችሁ ያደጋችሁ፤ ስታነሣው በመጀመሪያ ምን ትበላት? ያውላችሁ፣ ትራሱ ሥር ስልኩ መጥራት ጀምሯል፣ የቤት ጥሪ ነው፣ ጥርት ብሎ ይሰማታል።